ምስማር የያዘ አፍ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ ለመርፌ፣

በዚህ ከተማ ካሉ ጸሐፊዎች ሁሉ የምበልጥ ሰው ሆኜ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት። እሺ፣ ከከተማው አይደለም፣ ከማታ ትምህርት ክፍላችን ነው። እሱም ቢሆን ዳቦ ጋጋሪዋ ሴትዮ በቀረች ቀን።

ጤናሽ እንዴት ነው? ደህና ከሆንሽ እሰየው፤ ካልሆንሽም አትደብቂኝ። በኔ ስም ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጽፍልሽ የኖረው ጡረተኛው ጎረቤታችን ነው። እኔ «ጣሪያው ያፈሳል፣ ጉንፋን ጥሎኛል፣ ወንድሜ አኩርፏል በልልኝ» እለዋለሁ። እሱ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ ያደርግና «ከናፍቆትሽ በቀር ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ ይጽፋል። ምነው ስለው፣ ደብዳቤ እንዲህ አይጻፍም፣ ሰው አገር ያለ ሰው አይረበሽም ይለኛል። ስለዚህ እስከዛሬ ያነበብሽው የሱን ሰላም ነው። የኔ ገና አሁን መጀመሩ ነው።

ደውል እንዳትዪኝ። የሱቃችን ስልክ የተሰቀለው ከአባትሽ ጆሮ በላይ ነው፤ በሱ ስልክ ከ«ሄሎ፣ ይሰማል?» ሌላ የተወራ ነገር የለም።

አስተማሪያችን ካንቺ የምታንስ ልጅ ናት። ደብዳቤ ስትጽፉ የሚያነበው ሰው ምንም እንደማያውቅ አድርጋችሁ ጻፉ ትለናለች። ስለዚህ የምታውቂውንም እነግርሻለሁ፣ ቻይው። አባትሽ፣ ማለት ታላቅ ወንድሜ ጋሼ፣ ሶፋና ወንበር የሚያለብስ ሰው ነው። በግራ እጁ ጨርቁን ይወጥራል፣ በቀኙ መዶሻ ይይዛል፤ ሦስተኛ እጅ ስለሌለው ትንንሾቹን ምስማሮች የሚያስቀምጠው አፉ ውስጥ ነው። በምላሱ አንድ አንድ እያደረገ ወደ ከንፈሩ ያቀርባቸዋል። ምስማር አፉ ውስጥ ካለ አይናገርም። መናገር ካልፈለገ ደግሞ ምስማር አፉ ውስጥ ይከታል። አውጥቶ ሲናገርም ለሰው አይደለም፣ ለመዶሻው ነው። «አየህ መዶሻዬ፣ ሰው ሙጫውን ክፍት ትቶት ሄደ» ይለዋል። ሙጫውን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ፣ የቆምኩትም አጠገቡ ነው። መዶሻውም ይሰማል፣ እኔም እሰማለሁ፤ አንዳችንም አንመልስም።

አሁን ወሬው። የጋሼ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሳምንት አውራ ጣቱን ቀጠቀጠው፤ ምንም አልተባለም፣ ማንም አላየም። ሱቁን ያከራየን ሰውዬ ደግሞ የኪራይ ውሉን የማድሰው እጁ የጸና ሰው ከገባበት ነው ብሏል፤ እኔን አየኝና እንደገና «እጁ የጸና» አለ። ትናንት ጋሼ የሰፋሁትን የትራስ ልብስ አንሥቶ ሲያገላብጥ ቆየና «ይህችን ስፌት የምትሰፋ እጅ ነበረች እኮ» አለው። ለመዶሻው ነው። አንቺን ማለቱ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሰፋ ነበር? እኔ ስሰፋ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ መዶሻውን አትጠይቂው።

ከቻልሽ አንድ ብዕር ላኪልኝ፣ ክዳኑ የሚያብለጨልጭ። ዳቦ ጋጋሪዋን የማቃጥልበት ነው። እጅሽ አይድከም፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ።

አጎትሽ፣ በገዛ እጁ

*

ኅዳር 19

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጽሕፈትህን ሳይ አለቀስኩ ብልህ ውሸት ነው፣ ሳቅኩ። መስመሩ ከጫፍ ሲጀምር ደህና ነው፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ደግሜ ሳነበው ሳቄ ጠፋ፤ መመለስ ያዘገየሁትም ለዚህ ነው።

እኔ ያለሁት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው። የሆስፒታል አንሶላ ይመጣል፤ የተቀደደውን እሰፋለሁ፣ ያልተቀደደውን ተኩሼ አጥፋለሁ። ከጎኔ የምትሠራ ሴትዮ አለች፤ ሲደክማት «ደከመኝ» ትላለች፣ ስትናደድብኝ «ተናድጄብሻለሁ» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ያመማት መስሎኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፣ ግን አልተማርኩትም። እኔ ስናደድ የምናገረው ለካውያው ነው። ባለፈው ለካውያው «ሰው የስፌት ክሬን ወስዶ አይመልስም» ስለው ሴትዮዋ ሰማችኝና «እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ ለምን አትጠይቂኝም?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ አፈርኩ።

የወጣሁበትን ሰሞን ታስታውሳለህ። የሆቴሉን ወንበሮች እያለበስን ነበር። አባባ ምስማሩን ከአፉ አወጣና ለመዶሻው «እዚህ ቤት አንድ ሰው በዝቷል» አለው። ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። ራሱን አይልም። አንተ ወንድሙ ነህ። ብደምር ብቀንስ እኔ ላይ ወደቀ። በሳምንቱ ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበተው ስመጣ ከቆርቆሮው እፍኝ ምስማር ዘግኖ አፉ ውስጥ ጨመረና በአንገቱ ሸኘኝ። ባንድ ወንበር ላይ እንኳ ያን ያህል ምስማር አይገባም።

አሁን ስማኝ። የሥራ ውሌ የሚታደሰው በጥር መጨረሻ ነው። ከፈረምኩ ሦስት ዓመት ነው። ካልፈረምኩ ቦታዬን የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፣ መልሶ የሚወስደኝ የለም። ስለዚህ በመዶሻ በኩል ተጠርቼ አልመጣም። «ትምጣ» ይበል። ምስማሩን አውጥቶ፣ ላንተ፣ ሰው ለሰው እንደሚናገረው ይበል። እሱን ከጻፍክልኝ አልፈርምም፣ እመጣለሁ፣ ሱቁንም እይዛለሁ። አባባን አደራ።

ብዕሩ ከዚህ ጋር ነው። የሚያብለጨልጨው ቀለም እንጂ ወርቅ አይደለም፣ አታስመርምረው።

መርፌ

*

ታኅሣሥ 10

ለመርፌ፣ ለዓይናማዋ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ክፉ አይንካሽ። ብዕሩ ደረሰኝ። ዳቦ ጋጋሪዋ አይታው «ማን ሞቶ ወረስከው?» አለችኝ፤ ምቀኝነት ነው።

አባትሽን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ፊት ለፊት ማለቴ፣ ፊቴ ወደ ሶፋው ነበር። «ይህ ሶፋ እኮ ሦስት ሰው ይይዛል፣ የምንቀመጥበት ግን ሁለት ነን» አልኩት ለሶፋው። ጋሼ ለመዶሻው «ሶፋው ሁለት ሰውም ይይዛል» አለው። ስለዚህ ሶፋና መዶሻ ተነጋገሩ፤ እኔና ወንድሜ አልተነጋገርንም።

በሌላ ቀን መድኃኒት ቤት ያለው ወፍራሙ ሰውዬ እንድናለብስለት የሰጠንን ወንበር ሊያይ መጣ። ዕድሌ ብዬ ለሱ ነገርኩት፣ ጋሼ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። የወንድሜ ልጅ ውጭ አገር ናት፣ እጇ ወርቅ ነው፣ ብትጠራ ትመጣ ነበር አልኩ። ሰውዬው «መልካም ነው» አለ። ጋሼ ምስማሩን አወጣ። መዶሻውን አየው፣ አየውና «ሥራ ያላትን ሰው ማን ሥራ ያስፈታል» አለው። ምስማሩን መለሰ።

ይህን ነገር እስከ ቤቴ ድረስ ሳገላብጠው ሄድኩ። በአንድ በኩል ሲያዩት «አትምጣብኝ» ነው። በሌላ በኩል ሲያዩት «ምን ይዤ ልጥራት» ነው። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ አንደኛው መሰለኝ።

ስለዚያ «አንድ ሰው በዝቷል» ስለሚለው ነገር ደግሞ ልንገርሽ። እኔ የተባለው ስለኔ መስሎኝ ነበር። ማን ይዋሻል፣ በዚያ ሰሞን ከምሠራው ሥራ የማወራው ወሬ ይበልጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የት እገባለሁ እያልኩ ሳስብ ከረምኩ፣ የሚከራይ ክፍልም አይቼ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ። አንቺ ስትወጪ «እንግዲህ እሷን ኖሯል» ብዬ ጃኬቴን መልሼ ሰቀልኩ። ማንን ማለቱ እንደሆነ እስከዛሬ የጠየቀው የለም። ምናልባት የድመቷን ነገር ይሆናል፤ ያን ሰሞን ጨርቅ ትቧጭር ነበር።

መቀሱ ዶልዱሟል። ብትልኪልን ጥሩ ነበር። በሰው እጅ ቢመጣ ደግሞ በመንገድ አይጠፋም ነበር። ይህን ለመዶሻው ሳይሆን ላንቺ ነው ያልኩት፤ መንገዱ ግን ያው እንደ ቤታችን መንገድ ዞሮብኛል።

አጎትሽ፣ ባለብዕሩ

*

ጥር 8

አጎቴ፣

ሰላም ለቤቱ።

በአንድ በኩልና በሌላ በኩል ያልከው አልጠቀመኝም። እኔ ስድስት ዓመት ሁለቱንም በኩል ሳይ ነው የኖርኩት። የድመቷንም ቀልድ አልወደድኩትም። ሦስት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ሻንጣ ሲያስቡ፣ አንዱም «እኔን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ መቅረቱ አያስቅም።

ውሉ አልጋዬ ላይ ነው። አለቃዬ በየቀኑ ታየኛለች። «ፈረምሽ?» ትለኛለች፤ በቀጥታ ነው የምትጠይቀው፣ ምን ልመልስላት?

«ትምጣ» ብሏል ወይስ አላለም? ሲል ምስማሩ አፉ ውስጥ ነበር ወይስ አልነበረም? እነዚህን ሁለቱን ብቻ ጻፍልኝ። ቀልድ አትጨምርበት።

መቀሱን ገዝቻለሁ። አልላክሁትም።

መርፌ

*

ጥር 17

ለመርፌ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ጠየቅኩት። ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መዶሻውን ከእጁ ወስጄ ከኋላዬ ደበቅኩት። «ጋሼ፣ ልጅቷ ትምጣ ወይስ ትቅር?» አልኩት። ቀጥ ብሎ አየኝ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ በወንበሩ ክንድ ላይ ደረደራቸው። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ «ትምጣ» አለኝ።

ቀልድ የለበትም።

አጎትሽ

*

ሚያዝያ 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትዎ በቀር ሁሉም ሰላም ነው።

ባለፈው ስመጣ በደንብ ለመጫወት አልተመቸንም። ስለዚህ የሆነውን በጽሑፍ ላሳውቅዎ፤ እርስዎ በቦታው ስላልነበሩ።

ወደ ሱቁ ስገባ አባባ አፉ ውስጥ ምስማሮች ነበሩት። አወጣቸው፣ ይህን አልክድም። ከመቀመጫው ተነሣ። ለደንበኛ ከተዘጋጁት ወንበሮች አንዱን ሳበ፣ አቧራ ባይኖረውም በጨርቅ ጠረገው፣ «ይቀመጡ» አለኝ። ይቀመጡ። በልጅነቴ ሲቆጣኝም አንቺ፣ ሲያሞግሰኝም አንቺ ይለኝ የነበረ አባቴ፣ ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እንደሚለው አለኝ። እኔም ቁጭ አልኩ። ሻንጣዬን እግሬ ሥር አስቀመጥኩ፣ እንደ ደንበኛ። «መንገድ እንዴት ነበር» አለ፤ ወደኔ ይሁን ወደ መዶሻው አላወቅኩም። «ደህና ነበር» አልኩ። እኔም የመለስኩት ለመዶሻው ነው።

በማግስቱ መቀሱን ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ነበር፣ በጠመኔ ተሰምሯል፣ መስመሩ ተንቀጥቅጧል። ልቆርጥ ጎንበስ ስል «እንግዳ አይደክምም» አለው ለመዶሻው። መቀሱን አስቀመጥኩት። በሦስተኛውም ቀን በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። እሱ ይመታል፣ እኔ አያለሁ፤ አንዳንዱ ምት ምስማሩን ይስታል፣ ሲስት ሁለታችንም ወደ መስኮቱ እናያለን። በአራተኛው ቀን «መቼ ነው የሚመለሱት?» አለኝ። ይህኛው ለኔ ነበር። ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በቀጥታ እንዲናገረኝ ስመኝ ኖሬ፣ በቀጥታ የሰማሁት እሱን ነው።

«ነገ» አልኩት። ትኬት አልነበረኝም።

ተመልሼ ስመጣ የላውንደሪው ቦታዬ ተይዞ ጠበቀኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜ ገና ስላላለቀ እዚሁ ነኝ፤ በጠሩኝ ቀን ወለል እወለውላለሁ፣ ባልጠሩኝ ቀን እቀመጣለሁ። ሰው ስለማያናግረኝ ሥራው ቀላል ነው።

እርስዎ አራቱንም ቀን ዕቃ ሊያደርሱ ወጡ። በዚያ ሱቅ ውስጥ አራት ቀን የሚያስወጣ ዕቃ አይቼ አላውቅም። በር ላይ ስንገናኝ ቀልድ ነግረውኝ አለፉ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር።

ካልተቸገሩ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ምስማር ከአፉ አውጥቶ «ትምጣ» ያለ ሰው፣ ስትመጣ «ይቀመጡ» የሚለው እንዴት ሆኖ ነው? ካልተመቸዎ አይመልሱ።

ለቤተሰቡ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

*

ሰኔ 25

ለመርፌ፣

ሰላም ብዬ ልጀምር ነበር፣ ቃሉ የጡረተኛው መስሎ ታየኝ።

ደብዳቤሽን ለዳቦ ጋጋሪዋ አላሳየሁም። እርስዎ ብለሽ ጽፈሽልኛል። መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁ። ማንበብ የተማርኩት ይህንን ላነብ ከሆነ የከፈልኩት ይመለስልኝ ልል ነበር፤ ትምህርቱ ለካ በነጻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ወረቀት ጀምሬ ቀደድኩ፤ በቀልድ ስጀምረው ራሴን አስጠላኝ፣ ያለ ቀልድ ስጀምረው ደግሞ እጄ አልሄድ አለ።

ሱቁ ተዘግቷል። አሁን ስልክ የሚጠግን ልጅ ገብቶበታል፤ ወለሉ ላይ ምስማር እየለቀመ ማነው ይህን ሁሉ የበተነው ይላል። እኔ ሌላ ሰው ጋ ተቀጥሬ ስፖንጅ እቆርጣለሁ። እዚያ ምስማር የለም፣ በማሽን ነው የሚመቱት፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው አፉን ከፍቶ ያወራል። ወሬያቸው ግን አይጥምም።

ጋሼ ቤት ነው። መዶሻው ጉልበቱ ላይ ነው። የተቀመጥሽበት ወንበር የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነበር፤ ሊወስደው ሲመጣ ጋሼ «ገና ነው፣ አላለቀም» አለው። ካለቀ ቆይቷል። ሰውዬው ሦስቴ ተመላልሶ በመጨረሻ ሌላ ወንበር ወሰደ። አሁን ያ ወንበር ጋሼ ቤት መስኮቱ ሥር ነው። ባለፈው ልቀመጥበት ጎንበስ ስል «ወንበሩ ሰው አለው» አለው ለመዶሻው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ «ይቀመጡ» ጠየቅኩት። በመዶሻው በኩል ነው የጠየቅኩት፣ ሌላ መንገድ አላውቅም። «መዶሻ ሆይ፣ ሰው የገዛ ልጁን እርስዎ ይላል እንዴ?» አልኩት። እሱም «ሰው አገር የኖረች፣ የተማረች ልጅ፣ አንቺ ቢሏት አይከፋትም?» አለው። ፈርቶሽ ነው ማለት ነው፣ መርፌ። «መቼ ነው የሚመለሱት?» ያለሽም «አልመለስም» እንድትዪው ይመስለኛል። «ይመስለኛል» ነው ያልኩት፤ ከእንግዲህ ስለሱ «ነው» ብዬ የምጽፈው ነገር የለም።

እኔን ግን እርስዎ አትበዪኝ። አንተ ብለሽ ስደቢኝ፣ ምን እንደምትዪኝ አውቀዋለሁ፣ ራሴን ስለው ከርሜያለሁ። ዕቃ የማደርሰው የትም አልነበረም። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነበር የምቀመጠው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ። በጥር 17 የጻፍኩልሽ ብዙው እውነት ነው። መዶሻውን ከእጁ መውሰዴ እውነት ነው። «ትምጣ ወይስ ትቅር?» ማለቴ እውነት ነው። ቀጥ ብሎ ማየቱም እውነት ነው፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ ቀልድ አትጨምር ስላልሽ፣ የጨመርኩት እንዳይመስልሽ ፈርቼ እሱንም ተውኩት። አፉ ግን ሙሉ ነበር። «እም» አለኝ። ለሁለት ጥያቄ አንድ እም። ለምሳም እም ነው የሚለው፣ ለጨርቁ ቀለምም እም ነው። ምስማሮቹን እስኪያወጣ ቆሜ ጠበቅኩት፣ እጁን ዘረጋና መዶሻውን ተቀበለኝ።

ቤቴ ገብቼ በብዕርሽ ስጽፍ፣ ያቺን «እም» «ትምጣ» ብዬ ተረጎምኳት፤ እሱን አምኜበት ነው፣ ዛሬም አምናለሁ። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምስማሮቹን አንድ በአንድ አውጥቼ በወንበሩ ክንድ ላይ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ።

አጎትሽ